«የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም»፦ የአንድ የሽያጭ መዝገብ ጉዳይ ጥናት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ያለበት ቀን። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ያን ቀን 74 ገባ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ያኔ የኮፒ ማሽን፣ ቶነርና የጽሕፈት መሣሪያ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት ውስጥ ሽያጭ ክፍል ነበርኩ። ስሙን ተዉት። አለቃችን ከቢሮው ወጣና «በደንበኛ እጅ ያለ ፕሮፎርማ ሁሉ ቆሟል። ከመዝገቡ አውጡና ለሁሉም ደውሉ፣ ዛሬውኑ» አለን።

ቀላል ሥራ መሰለን። አራት ነበርን። ዝርዝሩን ለአራት ተካፈልን፣ ሻይ አዘዝን፣ መደወል ጀመርን።

እስከ ምሳ ሰዓት ከደንበኞቻችን ይልቅ የቴሌዋን ሴትዮ ድምፅ ነው የሰማነው። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም። አሁንም አይችሉም። አንዷ ባልደረባዬ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ይቺ ሴትዮ ስለ እኛ ደንበኞች ነው እንዴ የምታወራው?» አለች። ሳቅን። ከሰዓት በኋላ ግን ማንም አልሳቀም።

የማይሠራ ቁጥር ይሻላል። የከፋው የሚነሳው ነው። አንዱ «እኔ የባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ ይህን ሲም ካወጣሁ ዓመት አልሞላኝም፣ እናንተ ደግሞ ስንተኛዎቹ ናችሁ?» አለኝ። ለካ ከእኛው ቤት ከእኔ በፊት ሌሎችም ደውለውለታል። ሁሉም ይቅርታ ጠይቀው ዘግተዋል። መዝገቡ ላይ ግን «ይህ ቁጥር የሌላ ሰው ነው» ብሎ አንድ ቃል የጻፈ የለም። እኔም ብሆን ያን ቀን አልጻፍኩም፤ ቀጣዩን ቁጥር ለመደወል ቸኩዬ ነበር።

በኋላ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው የችግሩ ሥር እዚያች ላይ ነበር። ቁጥር እንደሚሞት ሁሉም ያውቃል። መሞቱን ያወቀው ሰው የሚጽፍበት ቦታ አልነበረም፣ ቢኖርም የሚያስጽፈው ምክንያት አልነበረም።

መዝገቡ ከየት መጣ?

መዝገብ ስል አንድ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከታች የቢዝነስ ካርድ የተጠራቀመበት የጫማ ካርቶን አለ። ከዚያ ሂሳብ ክፍል ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው የደንበኛ ዝርዝር አለ። ከዚያ እያንዳንዱ ሻጭ የየራሱ ኤክሴል ፋይል አለው፣ «ደንበኛ»፣ «ደንበኛ አዲሱ»፣ «ደንበኛ የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው እውነተኛው»። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ድርጅቱ የደንበኛ መከታተያ ሶፍትዌር ገዛ። ገዝቶም ለልምምድ የመጣ አንድ ተማሪ ያን ሁሉ ፋይል በአንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ ገለበጠው። ልጁ ጥፋት የለበትም፣ ገልብጥ አሉት ገለበጠ። የቆየ ውሃ በአዲስ ጀሪካን ሆነ።

ስናየው መዝገቡ እንደ መሬት ንብርብር ነበር። የታችኛው ንብርብር ላይ ስድስት አሃዝ ያላቸው ስልኮች አሉ። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ «ይሄ ምንድን ነው፣ ጎደሎ ነው» አሉ። ጎደሎ አይደለም። መስከረም 7 ቀን 1998 የአገሪቱ ስልክ ቁጥር በሙሉ ተቀይሯል፣ የአዲስ አበባው 01 ወደ 011 አደገ፣ ስድስት አሃዝ የነበረው ቁጥር ሰባት ሆነ። ያኔ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ በአንድ ጀምበር በአገሩ ያለ አጀንዳ ሁሉ አረጀ። የእኛ ቤት ወደ 19 ዓመት ሙሉ እነዚያን ቁጥሮች ከፋይል ፋይል እየገለበጠ ይዟቸው መጥቷል። ሊጣሉ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ግን አውቀነው አዲሱን አሃዝ ጨምረን ደወልንለት፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ስልክ፣ ያችው ጸሐፊ። «ምነው ጠፋችሁ?» አለችን።

የላይኛው ንብርብር ደግሞ የባሰ አስገራሚ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። የእኛ ሶፍትዌር ግን ሲገጠም «የሞባይል ቁጥር በ09 ይጀምራል» የሚል ሕግ ተጽፎበት ነበር። 07 ብለህ ስትጽፍ ቀይ መስመር ያወጣና አልመዘግብም ይላል። ታዲያ ሻጮቻችን ምን አደረጉ? 07ቷን 09 አድርገው መዘገቡ። ሲስተሙ ደስ አለው። «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ያለ ሁሉ አላስተካከለም። እንግዲህ ከዚያ ጀምሮ በትክክል የተመዘገበ የሚመስል፣ አሃዙ ያልጎደለ፣ ሁሉም መመዘኛ ያለፈ፣ ነገር ግን የሌላ ሰው ስልክ የሆነ ቁጥር ተቆለለ። እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ነገር ቢኖር መቆጣጠሪያው ሲጠብቅ ሰው ውሸት እንደሚማር ነው። ሲስተሙ ባዶ ቦታ ቢፈቅድልን ይሻለን ነበር።

ዜሮዋን ማን በላት?

ስለ ኤክሴል ትንሽ ላምርር። ቁጥር ስታስገባለት ከፊት ያለችውን ዜሮ ይበላታል፣ 0911 የነበረው 911 ይሆናል። ይህ ቀላሉ ነው፣ ዜሮ መመለስ ይቻላል። ከባዱ 251 ብለህ ስትጀምር ነው። አሥራ ሁለት አሃዝ ሲበዛበት ያሳጥረውና 2.51911ኢ+11 ብሎ ያሳይሃል። እንዲሁ ቢያሳይ ግድ የለም፣ ቁጥሩ ከስር አለ። ግን ያንን ፋይል ሲኤስቪ (ተራ ጽሑፍ ብቻ የሚይዝ የሰንጠረዥ ፋይል) አድርገህ ካስቀመጥከው የሚቀመጠው የሚታየው ነው። ሌላው ጠፋ። በሌላ ፕሮግራም ስትከፍተው ከ251911 ቀጥሎ ስድስት ዜሮ ይሰጥሃል።

እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። በርካታ ደንበኞች በአንድ ስልክ የሚጠቀሙ ይመስል ሁሉም ከ0911 ቀጥሎ ስድስት ዜሮ ነበራቸው። ሌሎቹ ደግሞ 0912 እና ስድስት ዜሮ። እሱ እንዴት መጣ ብለን ግራ ገባን፣ ምክንያቱም በካርዳቸው ላይ 0911 ነው ያለው። ለካ ሲያሳጥር ያጠጋጋል። ከ0911 በኋላ ያለው ከግማሽ ሚሊዮን ከበለጠ ወደ 0912 ይወጣል። ሰውየው ሳያውቀው ቁጥሩ «ተጠጋጋ»።

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ላይ ይኸው ነው የደረሰው። ቲን አሥር አሃዝ ነው፣ የብዙ ድርጅት ቲን ደግሞ በዜሮ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ኤክሴሉ አንዱን ስምንት አንዱን ሰባት አሃዝ አድርጎት ነበር። እዚህ ግን እድለኞች ነበርን፣ ከፊት ዜሮ እየሞሉ አሥር ማድረስ ብቻ ነው። ለምን ይህን እንደማነሳ ወደኋላ ትረዳላችሁ።

ስም፣ ቀን፣ ሰፈር

ኃይሉ የሚባል ደንበኛ ብትፈልጉ በስንት መንገድ ትፈልጋላችሁ? ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፣ ኀይሉ። አንዱ ሻጭ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎታል፣ ሌላው በዚያው ፊደል በሌላ አጻጻፍ። ኮምፒዩተሩ ስድስት ሰው አለ ይላል። ሻጮቹ ለአንድ ኃይሉ ስድስት ፕሮፎርማ ልከው ዋጋቸው የተለያየበት ጊዜ ነበር፣ ሰውየው ርካሹን መርጦ መጣ፣ ይገባዋል።

ሶፍትዌሩ የውጭ ስለሆነ «ላስት ኔም» ካልሞላህ አያሳልፍህም። እኛ ደግሞ ላስት ኔም የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን። ስለዚህ ደንበኞቻችን ሁሉ በአባቶቻቸው ስም ተደርድረዋል። አባታቸው ያልታወቀ እንደሆነ ሻጩ የድርጅቱን ስም ሞልቷል። «ኃ/የተ/የግ/ማ» የሚባል አባት ያላቸው ደንበኞች ብዛት፣ አንድ ትልቅ ዘር ነው።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ተውነው፣ የሰው ስም ሆሄ አይነካም። ከጎኑ ግን የማይታይ አምድ ጨመርንና እዚያ ሐ፣ ኀ እና ኃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ እንዲቀየሩ አደረግን። ፍለጋው በዚያ አምድ ነው።

ቀኑስ? «መጨረሻ የተደወለበት ቀን» የሚል ቦታ ነበር፣ ተመስገን አልን። ከዚያ 05/03/16 የሚል አገኘን። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ኅዳር 5 ቀን 2016 ነው፣ የቅርብ ደንበኛ ነው። በፈረንጁ ከሆነ መጋቢት ወይም ግንቦት 2016 ነው፣ ከስምንት ዓመት በላይ ያለፈው ነው። የትኛው ነው? ካሸሯ በእኛ ነው የምትጽፈው፣ ሻጮቹ በፈረንጁ፣ ተማሪው ደግሞ ሁለቱንም አንድ አምድ ውስጥ ገልብጧል። አንዳንዱን ከደረሰኙ ጋር አስተያይተን ለየን፣ የቀረውን «ቀኑ አይታመንም» ብለን አጠፋነው። ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ይህ ነው። ስልክ ቢሞት ሰው ጠይቀህ ታገኛለህ። የጠፋ ቀን ግን ከማን ይጠየቃል?

ሰፈሩን በአጭሩ ልለፈው፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ታውቁታላችሁና። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳ ላይ የነበሩ ደንበኞቻችን ተበተኑ። መዝገቡ ላይ የነበረው አድራሻ «ከእንትን ሕንፃ ጎን፣ ከእንትን ካፌ ፊት ለፊት» የሚል ነበር፣ እንትኑም ካፌውም የለም። ከዚያ በፊት ደግሞ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲመሠረት፣ አንዳንዱ ደንበኛ ከቦታው ሳይነቃነቅ አድራሻው አረጀበት።

የሞተ ቁጥር፣ ሕያው ሽያጭ

እስካሁን የነገርኳችሁ የቴክኒክ ነገር ነው። ዋናው ሌላ ነው።

ዝርዝሩን በሻጭ ከፋፍለን ስናየው አንድ የማይገጥም ነገር ታየን። ከሁሉ የበለጠ የሚሸጠው ሰው፣ በየወሩ ኮሚሽኑን ጠቅልሎ የሚወስደው፣ የእሱ ደንበኞች ስልክ አብዛኛው አይሠራም። እንዴት ይሆናል? የማይደወልለት ሰው እንዴት ቶነር ይገዛል?

ጠየቅኩት። ቆየት ያለ ሰው ነው፣ የምንከባበር ነን፣ ቡና ጋብዤ ነው የጠየቅኩት። መጀመሪያ «ሲስተሙ ነው» አለ። ሁላችንም የምንለው ነው። ከዚያ ስኒውን አስቀመጠና «ተው እንጂ፣ ቁጥሩን እዚያ ላይ ካስቀመጥኩልህ ነገ እኔን ምን ታደርገኛለህ?» አለኝ። በፊት የነበረበት ቤት ደንበኞቹን በሙሉ መዝግብ ብለውት መዝግቧል፣ በሦስተኛው ወር ለሌላ ሰው አካፍለውበታል። ስለዚህ እኛ ቤት ሲመጣ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት አሃዞች አገላብጦ ይመዘግብ ነበር። እሱ ያውቀዋል። 47 ካለ 74 ነው። እውነተኛው ስልኩ ውስጥ ነው ያለው።

ልቆጣ ፈልጌ አልቻልኩም። ሰውየው ያበላሸው መዝገቡን ነው ወይስ መዝገቡ ነው እሱን ያበላሸው? አለቃችን ሲሰማ «ሌባ» አለ። እኔ ሌባ አላልኩም። ደንበኛው ማንን ነው የሚያውቀው፣ ድርጅቱን ነው ወይስ ሰውየውን? በእኛ አገር ንግድ መልሱ ግልጽ ነው። ሌላ ሻጭ ሥራ ለቆ ሲሄድ ሲሙን ይዞ ሄደ፣ ግማሽ ደንበኛ አብሮት ሄደ፣ ማንም ምንም ማለት አልቻለም፣ ሲሙ የራሱ ነው።

ሌላም አለ፣ ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል። ከዚያች ሰኞ በኋላ እንቁጣጣሽ ደረሰ። ሶፍትዌሩ ለሁሉም ደንበኛ በራሱ የመልካም አዲስ ዓመት መልእክት ይልካል። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ደወሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። «ልጄ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ባለቤቴ ግን ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በየዓመቱ በስሙ ትልኩለታላችሁ። ስልኩን ልዘጋው አልቻልኩም፣ እናንተ ግን ብትተዉት» አሉ። ነፍሳቸውን ይማር አልኩ፣ ሌላ ምን ይባላል። ሱቁን ልጃቸው ይዞታል፣ ቶነርም ከእኛ ይገዛል፣ በሌላ መስመር ተመዝግቦ። ሹፌራችን ለቅሶ ደርሰዋል። ካሸሯ ታውቃለች። መዝገቡ ብቻ ነው ያልሰማው።

ከዚያ ምን አደረግን?

አለቃችን የመጀመሪያ ሐሳቡ ጅምላ መልእክት ነበር። «ውድ ደንበኛችን መረጃዎን ያድሱ» የሚል ለሁሉም እንላክ፣ ያልመለሰውን እናጥፋ። እኔ ተቃወምኩ፣ በሁለት ምክንያት። አንደኛው ግልጽ ነው፣ መልእክቱ የሚሄደው ለባጃጅ ሹፌሩና ለእኚያ እናት ነው። ሁለተኛውን ለማስረዳት የፍላይቢን ታሪክ ነገርኩት። ፍላይቢ የእንግሊዝ አየር መንገድ ነበር። በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. መዝገቡን ለማጽዳት ብሎ «መረጃዎ ትክክል ነው?» የሚል ኢሜይል ለ3.3 ሚሊዮን አድራሻ ላከ። ችግሩ እነዚያ ሰዎች ከዚያ በፊት ማስታወቂያ አትላኩብን ያሉ ነበሩ። የአገሩ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. 70,000 ፓውንድ ቀጣው። በዚያው ጊዜ የሆንዳ የአውሮፓ ድርጅትም ለ289,790 ኢሜይሎች 13,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። እሱ ደግሞ ሰዎቹ ይላክልን ይበሉ አይበሉ ማስረጃ አልነበረውም። «ማጽዳት ነው» ማለት አላዳናቸውም።

«እሱ እንግሊዝ ነው» አለኝ። እኛም ዘንድ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ የሰው መረጃ ትክክለኛና የታደሰ ይሁን፣ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል የሚል መርህ አለው። አዋጁን ሳነሳ ትንሽ ዝም አለ። ከአዋጁ ይልቅ ያሳመነው ግን የጅምላ መልእክቱ ሂሳብ ይመስለኛል።

ማጥፋትንም አልፈቀድንም። ሂሳብ ክፍል ጮኸ። በዱቤ የወሰደ ሰው መስመሩ ከጠፋ ዱቤውም ይጠፋል፣ የደረሰኝ ሰነድ ደግሞ ለግብር ሲባል ለዓመታት መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ቀለም ሰጠናቸው። አረንጓዴ ሰው አናግረን ያረጋገጥነው ነው። ቢጫ ያልተረጋገጠ። ግራጫ የሞተ ቁጥር። ቀይ ደግሞ «አትደውሉልኝ» ያለ ነው፣ እሱን ማጥፋት ስህተት ነው፣ ካጠፋኸው ነገ ሌላ ሻጭ አዲስ ብሎ ይመዘግበውና ይደውልለታል።

ተደጋጋሚዎቹን ለማዋሃድ ቲን ተጠቀምን። ስም ይለያያል፣ ስልክ ይቀየራል፣ ሰፈር ይፈርሳል፣ ደረሰኝ ላይ ያለው ቲን ግን ደንበኛው ራሱ «ተሳስቷል አስተካክሉልኝ» ብሎ የሚመለስበት ነገር ነው፣ ተሳስቶ ከቆየ ወጪው አይያዝለትም። ባለጉዳዩ ራሱ የሚጠብቀው መረጃ ከሁሉ ይታመናል። ግን ጥንቃቄ፦ አንድ ነጋዴ በአንድ ቲን ሦስት ቅርንጫፍ ሊኖረው ይችላል፣ የየቅርንጫፉ ገዢ ሌላ ሰው ነው። እኛ መጀመሪያ ሁሉንም ደፍጥጠን አዋህደን የአዳማውን ቅርንጫፍ ለሁለት ሳምንት አጥተነዋል። ከዚያ በኋላ ድርጅቱን አንድ መስመር፣ ሰዎቹን ከስሩ አደረግን። ግዢ ክፍል ያለው ሰው ሥራ ሲለቅ ድርጅቱ አብሮ እንዳይሞት።

መደወል የጀመርነው ከሀ አይደለም። በቅርቡ ከገዙት ጀመርን፣ ከዚያ ዱቤ ካለባቸው። የሚገርመው፣ ዕዳ ያለበት ሰው ስልኩ ቶሎ ይሞታል። ሰዎችን «አድራሻዎን ያድሱ» አላልናቸውም፣ ይህ የቢሮ ቋንቋ ነው፣ ሰው ይሸሸዋል። «አዲሱን ዋጋ ለማን ልላክ? በቴሌግራም ይሻልዎታል ወይስ በኢሜይል?» አልን። በዚህ ጥያቄ ስሙም፣ ቁጥሩም፣ የአዲሱ ግዢ ሠራተኛ ስምም አብሮ ይመጣል። ዋጋው በየሳምንቱ ይቀየር ስለነበር ሁሉም ሊሰማ ይፈልግ ነበር፣ እሱ ረድቶናል።

የማይነሱትንስ? አንዳንድ ባልደረቦቼ ቁጥሩን ቴሌብር ላይ ገንዘብ እንደሚልኩ አስመስለው ያስገቡና የሚመጣውን ስም ያያሉ። ይህ ዘዴ አገር ያወቀው ነው። እኔ አልወደድኩትም፣ የሰው ስም በጓሮ በር መመልከት ነው፣ ደግሞም ብዙ ነጋዴ ሲሙ በሚስቱ ወይም በወንድሙ ስም ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ትክክለኛ ቁጥሮች «የሌላ ሰው ነው» ተብለው ግራጫ ተቀብተው ነበር። ተከለከለ።

ከሁሉ የበለጠ የረዱን ሹፌራችን ናቸው። በዕድሜ የሁላችን ታላቅ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ግራጫውን ዝርዝር አትሜ አብረን ቁጭ አልን። «ይሄ ቤቱ ፈርሷል፣ ልጁ አሁን ገርጂ ነው። ይሄ ከወንድሙ ተጣልቶ ተለያዩ፣ ቶነሩን የሚገዛው ታናሹ ነው። ይሄኛው አሜሪካ ሄደ። ይሄ እንኳን ዘግቷል፣ ከዕዳችን ጋር» እያሉ ገጹን ጨረሱት። አሥራ ምናምን ዓመት በየሱቁ ደጅ ዕቃ ሲያራግፉ የሰሙት ነው። በማግስቱ ከማድረሻ ወረቀቱ ስር አንድ መስመር ጨመርን፦ «የተረከበው ሰው ስምና ስልክ»። ሹፌሩ ያስሞላል፣ ማታ ካሸሯ ታስገባለች። ለዚህም ለጋሼ በወር ትንሽ አበል ተቆረጠላቸው፣ ያን ያስቆረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ልኩራበት።

ሻጮቹ ላይ ግን ወረቀት አይሠራም። ኮሚሽን ነው መነካት የነበረበት። ብዙ ተጨቃጭቀን ያሳለፍነው ሕግ ይህ ነው፦ በስምህ የተመዘገበና የተረጋገጠ ደንበኛ ያንተ ነው፣ ሌላ ሰው ስልኩን ቢያነሳም ኮሚሽኑ ያንተ ነው። ስድስት ወር ሳይረጋገጥ ከቆየ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ያ ቆየት ያለው ሻጭ ሕጉ በጽሑፍ ወጥቶ ማኅተም እስኪመታበት ጠበቀ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ መጣና ቁጭ ብሎ አሃዞቹን ሁሉ ወደ ቦታቸው መለሰ። 74ን 47።

በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። በሁለተኛው ወር አካባቢ መዝገቡ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ፣ አለቃችን ተደሰተ። እኔ ደስ አላለኝም፣ በጣም ለመለመ። አንዱን «ትናንት ተረጋግጧል» የሚለውን አንስቼ ደወልኩ። የቴሌዋ ሴትዮ። ሌላ ደወልኩ። እሷው። ለካ ስድስት ወሩ እንዳያልፍባቸው ሳይደውሉ ምልክቱን እየነኩ ነው። ያው የ07ቷ ነገር ተመለሰ። ከዚያ በኋላ «ተረጋግጧል» ለማለት ያናገርከውን ሰው ስምና የተናገረውን አንድ ነገር መጻፍ ግዴታ ሆነ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፣ «ማሽኑ ወረቀት ይይዛል አለ» ዓይነት። ካሸሯ ደግሞ ዓርብ ዓርብ አምስት መስመር በዘፈቀደ አንስታ ትደውላለች። ካሸሯን የሚፈራ እንጂ የማይፈራ ሻጭ እኛ ቤት አልነበረም።

ፍጹም ሆነ አልልም። ከዚያ ቤት እስክለቅ ድረስ ቢጫው ቀላል አልነበረም፣ የክልል ከተማ ደንበኞች ላይ በተለይ ደካሞች ነበርን፣ ጋሼ የሚደርሱት አዳማና ቢሾፍቱ ድረስ ነው።

መጨረሻ አካባቢ አንድ ቀን አንድ ሰው ባዶ የቶነር ካርቶን ይዘው ገቡ። ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ፒያሳ የኮፒ ቤት ነበራቸው። «እናንተ የት ጠፋችሁ?» አሉኝ። ስማቸውን ፈለግኩ፣ በሀው። ወጣ። ግራጫ። ስልክ፦ 0912 እና ስድስት ዜሮ። ከጎኑ በቀይ ሳይሆን በጥቁር «የሞተ» ይላል። ስክሪኑ ወደሳቸው ዞር ብሎ ነበር፣ አዩት።

«ማነው የሞተው?»

«ስልክዎ ነው ጋሼ፣ እርስዎማ አሉ።»

«ስልኬ ከ1998 ጀምሮ ያው ነው» አሉና ቁጥሬን ጠይቀው ደወሉልኝ። ጠራ። 0911 ነው። መዘገብኩት፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ከነዓመቱ በአራት አሃዝ ጻፍኩ፣ ስሜን ጻፍኩ፣ አዲሱ ሱቃቸው አያት መሆኑን ጻፍኩ፣ አረንጓዴ አደረግኩት። ከዚያ የቶነሩን ዋጋ ጠየቁኝ።

ነገርኳቸው።

ካርቶናቸውን እንደያዙ ትንሽ ዝም አሉና «አሁን ገና ሞትኩ» አሉ።